ፍራንክፈርት ላይ ያሳደግናቸው ኮራሎች

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ጨው መሸከም ነበር። ቦታው ጊንሃይም የሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ነው፤ ከረጅሙ የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ ብዙ የማይርቅ የአንድ ኮሌጅ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት። የጨው ከረጢቱን ከደረጃው አፍ አንስቼ እስከ ሰማያዊው በርሜል አደርሳለሁ፤ ተመልሼ ሌላ አመጣለሁ። የኮሌጁ የባሕር ሳይንስ ክፍል ማለት ያ ምድር ቤት ነበር። ላይ ፎቅ የምህንድስና ተማሪዎች ይማራሉ፤ ታች እኛና የማሞቂያው ቧንቧ ነን።

አለቃዬ ፕሮፌሰር ቪንክለር ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን በእርሳስ ሸብ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ገና ስገባ የጎማ ቦቲ አቀበሉኝ።

"ባሕሩ የት ነው?" አልኳቸው። ቀልዴ ነበር።

"ባሕሩን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት" አሉኝ ምንም ሳይስቁ። "ለአንድ ሊትር ውኃ ሠላሳ አምስት ግራም ጨው። ይጀምሩ።"

እንግዲህ ይህን የምጽፈው አሁን በላቦራቶሪ ሥራ ለምትገቡ ልጆችና አብረውኝ ለሠሩ ነው። ሙያዬ የባዮሎጂ ቴክኒክ ረዳትነት ነው። አዲስ አበባ የጀመርኩት ትምህርት በስደት ተቋርጦብኝ፣ ጀርመን አገር ጀርመንኛውን ተምሬ፣ ከልጆች ጋር ክፍል ገብቼ ያገኘሁት ሙያ ነው። በእኛ ክፍል ማዕረጉ ግልጽ ነበር። ፕሮፌሰሯ አሉ፤ ከሳቸው በታች ዶክተሮቹ፤ ከዚያ ለዶክትሬት የሚሠሩት፤ ከዚያ እኔ። ከእኔ በታች መወልወያው ነው።

ስሜ አስካለ ታደሰ ነው። ጀርመኖቹ ወይዘሮን ፍራው፣ አቶን ሄር ይላሉ፤ እኔንም በአባቴ ስም ፍራው ታደሰ ይሉኛል፤ ለምጄዋለሁ። የኮሌጁ አስተዳደር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ "ለአቶ ታደሰ" እያለ ይጽፍልኝ ነበር። በየዓመቱ አስተካክሉ እላለሁ፤ በየዓመቱ ይቅርታ ይጠይቁኛል፤ በየዓመቱ አቶ እሆናለሁ።

ሌላው ያሰለቸኝ ነገር ጥያቄው ነው። ሥራዬን የሰማ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሽ መኮንን፣ እኔ ባለሁበት ሰፈር በኖርድቬስትሽታት ብዙ ዘመን የኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ በከዘራቸው አስቆሙኝ።

"አንቺ አስካለ፣ ባሕር ከሌለው አገር መጥተሽ፣ ባሕር በሌለው ከተማ ተቀምጠሽ፣ የባሕር ሥራ እሠራለሁ ትያለሽ አሉ።"

"አዎ ጋሼ።"

"ማን ነው እንዲህ ያሳሳተሽ?"

ባሕርን ለመመርመር ባሕር ዳር መቀመጥ የግድ አይደለም፤ መርከቧ ሄዳ ናሙናውን ታመጣለች፤ የቀረው የማይክሮስኮፕና የትዕግሥት ሥራ ነው አልኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

ኮራሎቹ የመጡት በሥራው ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ነው። ፕሮፌሰር ቪንክለር በምርምር መርከብ ኖርዌይ ሄደው፣ ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቅ ውኃ የወጡ ኮራሎችን በቀዝቃዛ ሣጥን አድርገው በአውሮፕላን ላኩ። እሳቸው ከመርከቡ ገና አልወረዱም። አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ሄዶ መረከብ የእኔ ሥራ ሆነ።

የእነዚህ ኮራሎች ጠባይ እንዲህ ነው። የሞቀ ባሕር አይወዱም፤ ብርሃንም አይሹም። ስምንት ዲግሪ አካባቢ የቀዘቀዘ ጨለማ ውኃ ይፈልጋሉ። ሲያዩአቸው ቅጠሉ የረገፈ ነጭ ቁጥቋጦ ይመስላሉ፤ ሲነኳቸው ድንጋይ ናቸው፤ ግን እንስሳት ናቸው። በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ትንንሽ እጆቹን ዘርግቶ ምግብ የሚጠብቅ ፍጡር አለ።

ይህን ሁሉ ለጉምሩክ ተቆጣጣሪው አስረዳሁት።

"ድንጋይ፣ ተክል ወይስ እንስሳ?" አለኝ።

"እንስሳ ነው። ቤቱ ድንጋይ ነው። መልኩ ተክል ይመስላል።"

"አንዱን ይምረጡ።"

"እንስሳ።"

"እንስሳ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይወጣም።"

ሐኪሙ እስኪመጣ ሣጥኑ ከአንድ ትልቅ መስኮት ሥር ፀሐይ እየመታው ቆመ። ከፀሐዩ ላንሳው ስል "ሳይመረመር አይነካም" ተባልኩ። ምርር ብሎኝ በአማርኛ "ወይ የዛሬ ጣጣ! ተቀቅለው ሊያልቁብኝ እኮ ነው" ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ።

"ምንድን ነው የሚቀቀለው እትዬ?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ሀብታሙ ይባላል። ጭነት ማንሻ መኪና ይነዳል፤ ከአገር ቤት ከመጣ ብዙም አልቆየም። ነገሩን ነገርኩት።

"ዓሣ ነው?"

"አይደለም።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?" አለኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀም። ወደ ተቆጣጣሪው ሄዶ፣ ሣጥኑ የቆመበት ቦታ የመኪናዎች መተላለፊያ ስለሆነ በደንቡ መሠረት ወደ ጎን መዛወር እንዳለበት በተሰባበረ ጀርመንኛ አስረዳ። ደንብ የሚለው ቃል ሠራ። ሣጥኑን አንስቶ አበባ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አስገባልኝ። በኋላ የመጣው ሐኪም ክዳኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ እሱ በይበልጥ የፈረስ ሐኪም መሆኑን ነግሮኝ ፈረመ።

ኮራሎቹ ምድር ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሲነገሩ አጭር ናቸው፤ ሲሠሩ ግን ረጅም። ጠዋት የውኃውን ሙቀት ማየት፣ ጨዉን መለካት፣ ማጣሪያውን ማጠብ። ለምግብ የሚሆኑትን ጥቃቅን ሽሪምፖች ከዕንቁላል መፈልፈልና በቀይ መብራት ብቻ እያዩ ለእያንዳንዱ አፍ በቀጭን መምጠጫ ማጉረስ። ጨው ሁሉን ይበላል። የበሩን ማጠፊያ፣ የቧንቧውን ማሠሪያ፣ የእጄን ቆዳ በልቷል። ኮራሉ ግን የሚያድገው ከጣት ጥፍር ባነሰ ፍጥነት ነው። ልጄ ሊድያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጥታ ገንዳው ፊት ቆመች።

"ምን እየሠሩ ነው?" አለችኝ በጀርመንኛ።

"እያደጉ ነው" አልኳት በአማርኛ።

"አሰልቺ ናቸው" አለች አሁንም በጀርመንኛ። እውነቷን ነበር። ወደ ውጪ ወጥታ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

አንድ የክረምት ጠዋት ስገባ ትልቁ ገንዳ ወተት መስሎ ደፍርሷል። ደሜ ፈላ። ከተማሪዎቹ አንዱ ምግብ አብዝቶ ደፍቶበታል ብዬ፣ ስሙን ሳላውቅ እየተራገምኩ የማስወገጃውን ቱቦ ዘረጋሁ። ፕሮፌሰር ቪንክለር በዚያው ሰዓት ገቡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እጄን ያዙኝ።

"እንዳይነኩት። እባክዎ እንዳይነኩት።"

አንድ ጠብታ ወስደው ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያ ተነሡና መቀመጫውን ለቀቁልኝ። "ይመልከቱ" አሉኝ።

ክብ ክብ ዕንቁላሎች ነበሩ። ኮራሎቹ ፍራንክፈርት ውስጥ፣ የማሞቂያ ቧንቧ ሥር፣ ዘር አውጥተዋል። ቀና ስል ፕሮፌሰሯ የጨው ከረጢት ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዘር ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ማሳደግ ሌላ። የተፈለፈሉት እጮች ለሳምንታት ይዋኛሉ። ውኃቸው ሲቀየር በወንፊት ማስቀረት፣ የሞተውን በሕይወት ካለው መለየት፣ ሻጋታ ሲነካቸው እንደገና መጀመር። አብዛኞቹ አለቁ። በመጨረሻ ግን ገንዳው ውስጥ ባስቀመጥናቸው የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ ጥቂት ነጫጭ ነጥቦች ተለጠፉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ እያንዳንዱ ነጥብ እጆቹን ዘርግቷል። እኛ የምናውቀው ሌላ ላቦራቶሪ እዚያ አልደረሰም ነበር። ጥናቱ ሲወጣ በየባሕሩ ዳር ያሉ ተቋማት "እንዴት አደረጋችሁት?" እያሉ ጻፉልን።

መከራችን የጀመረው ያኔ ነው። ሰው በሥራው ሲወድቅ ችግር እንደሚመጣበት ያውቃል። ሲሳካለት የሚመጣበትን ግን ማንም አያስጠነቅቀውም።

አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ "የፍራንክፈርት የባሕር ተክል" ብሎ ጻፈ። ፕሮፌሰሯ እንስሳ ነው ብለው ደወሉ፤ ማስተካከያው ሲወጣ "የባሕር አበባ" ሆነ። ከዚያ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ለመጀመሪያ ጊዜ ምድር ቤታችን ወረዱ። ጭንቅላታቸውን በቧንቧው ተመቱ። ግንባራቸውን እያሹ ገንዳዎቹን ዞረው አዩና "ይህ ምድር ቤት ተደብቆ መቅረት የለበትም" አሉ። ደግ ንግግር ነበር። ዋጋውን የከፈልነው እኛ ነን።

ኮሌጁ ኦይሮፓፊርቴል በሚባለው ሰፈር አዲስ ሕንፃ ያሠራ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ኮራሎቹ ምድር ላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ በመስታወት ግድግዳ ውስጥ እንዲቀመጡ ወሰኑ፤ እዚያው አጠገብ ካለው የንግድ ትርኢት አዳራሽ የሚወጣው ሕዝብ እያየ እንዲያልፍ። ለምክክር ተጠራን። አርክቴክቱ፣ የሕንፃ አስተዳደር ኃላፊው ሄር ዛይደል፣ ፕሮፌሰሯና እኔ ነበርን።

"የወለሉ ፍሳሽ የት ነው?" አሉ ፕሮፌሰሯ ንድፉን አይተው።

"ወለሉ አንድ ወጥ ነው" አለ አርክቴክቱ። "ፍሳሽ ካስገባንበት መልኩ ይቆረጣል።"

"ውኃውስ በየት ይሄዳል?"

"ውኃው ገንዳ ውስጥ አይደለም እንዴ የሚቆየው?"

ፕሮፌሰሯ እኔን አዩኝ። እኔ የመስኮቱን መጋረጃ አየሁ።

ብርሃኑንም አነሳን። የጨለማ እንስሳ በመስታወት ውስጥ ምን ይሠራል አልናቸው። መጋረጃ ይደረጋል፤ ጎብኚ ሲመጣ ይገለጣል ተባለ። ማቀዝቀዣው ላይ ስንደርስ ሄር ዛይደል ተራውን ወሰደ። ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ የሚያናድደኝም ይኼው ነበር።

"የራሳችን ማቀዝቀዣ ማሽን እንዲኖረን እንፈልጋለን" አሉት ፕሮፌሰሯ።

"አያስፈልግዎትም። ሕንፃው በሙሉ በአንድ ሲስተም ነው የሚቀዘቅዘው። ዘመናዊ ነው። ራሱ ያስባል።"

"ምን ብሎ ነው የሚያስበው?" ብዬ ጠየቅኩት።

ፈገግ አለ። የጠየቅኩት ግን ከልቤ ነበር።

ከስብሰባው ወጥተን የትራም ፌርማታው ላይ ስንቆም ፕሮፌሰሯ "ግማሹን ሰሜን እንልካለን" አሉ። ሰሜን ያሉት ባሕር ዳር ያለ አንድ የምርምር ተቋምን ነው። እዚያ ሃይከ የምትባል የእኔ ዓይነት ቴክኒሺያን ነበረች፤ በስልክ እንተዋወቃለን።

"የምን ግማሽ?"

"የኮራሎቹን። ሰሌዳዎቹንም።"

ተቆጣሁ። በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ ድምፄን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። "ፕሮፌሰር፣ ስንት ዓመት ያጎረስናቸውን! እነሱ ባሕሩ ደጃቸው ነው፤ የፈለጉትን ሄደው ያውጡ። ነገ ውጤቱ ሁሉ በእነሱ ስም ሊጠራ ነው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ታዲያ ለምን?"

"ኮራሎቹ በማን ስም እንደሚጠሩ አያውቁም" አሉኝ። ትራሙ መጣ።

በማግስቱ ትልልቆቹን ቁጥቋጦዎች በትንሽ መጋዝ ለሁለት ከፈልኩ። ደህና ደህናውን ለእኛ ላስቀር ስል ፕሮፌሰሯ ከኋላዬ ቆመው "እኩል" አሉ። እኩል አደረግኩ። ሃይከ መኪና ይዛ መጥታ ወሰደቻቸው። አመስግና ስትጨብጠኝ እጄን ሰጠኋት እንጂ ፊቴን አልሰጠኋትም።

ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛወርን። የመክፈቻው ዕለት ስለ ውቅያኖስና ስለ መጪው ትውልድ ብዙ ተባለ። የመጀመሪያውን የውኃ ቅየራ ስናደርግ ቱቦው አመለጠና የጨው ውኃው በዚያ አንድ ወጥ ወለል ላይ እየተንሸራተተ እንግዳ መቀበያው ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ውኃ የምንቀይረው በባልዲ ነው፤ ባልዲውን ተሸክመን መጸዳጃ ቤት እንደፋለን። ጎብኚዎች መስታወቱን ያንኳኳሉ። "ፕላስቲክ ነው?" ይሉኛል። "ለምን አይንቀሳቀስም?" ይሉኛል። መጋረጃውን በዘጋሁ ቁጥር አንድ ሰው ይከፍተዋል።

ፋሲካ መጣ፤ የጀርመኖቹ ፋሲካ። በዚያ ዓመት የእኛው ፋሲካ ስላልደረሰ እኔ ጾም ላይ ነኝ። በበዓላቸው ሰኞ ቀትር ላይ ኮራሎቹን ላጉርስ ብዬ ከቤቴ ከኖርድቬስትሽታት በምድር ውስጥ ባቡሩ በኡ-ባን ወርጄ ሄድኩ። ጊንሃይም እያለን በዓልም ይሁን እሑድ ቁልፌን ይዤ እገባ ነበር። እዚህ ቁልፍ የለም፤ ካርድ ነው። ካርዱን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ቀይ መብራት በራ። ደግሜ አስጠጋሁ። ቀይ።

በመንገዱ በኩል ዞርኩ። መጋረጃውን አንድ ሰው እንደልማዱ ከፍቶት ሄዷል። ገንዳዎቹ ከመስታወቱ ወዲያ ወለል ብለው ይታያሉ። ከገንዳው በላይ ያለው የሙቀት ማሳያ ቁጥሩን ትልቅ አድርጎ ያበራል፤ ጎብኚ እንዲያነበው ተብሎ የተሠራ ነው። አሥራ አራት ይላል።

ለድንገተኛ ጉዳይ ወደተሰጠን ቁጥር ደወልኩ።

"በሰው ላይ አደጋ አለ?" አለኝ ያነሳው ሰው።

"የለም። እንስሶቹ ሊሞቱ ነው።"

"ውሻ ነው?"

"ኮራል።"

"በሰው ላይ አደጋ ከሌለ ማክሰኞ ጠዋት ይደውሉ።"

ለፕሮፌሰሯ ደወልኩ። በብስክሌት መጡ፤ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል። የሳቸውም ካርድ ቀይ አበራ። ፕሬዚዳንቱ ጋ ደወሉ፤ ስልካቸው ተዘግቷል፤ ለዕረፍት ወደ ባሕር ሄደዋል። ፕሮፌሰሯ መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት፤ ቀጥለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስተው ወረወሩበት። ድንጋዩ ነጠረ። ያለፈ ሰው ቆሞ አየን፤ አንዲት ጥቁር ሴትና አንዲት ሽበታም ሴት በጠራራ ፀሐይ ሕንፃ በድንጋይ ሲደበድቡ። እንደ እውነቱ ፖሊስ ቢጠራልን ደስ ባለኝ።

ሳይጠራ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልነው ማየት ብቻ ነበር። ቁጥሩ አሥራ አምስት አለ። ቆይቶ አሥራ ስድስት። ኮራሎቹ እጆቻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ነጭ ዝልግልግ ነገር ከላያቸው እየተላቀቀ ውኃው ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሥጋቸው ከአጥንታቸው እየወረደ ነው። ፕሮፌሰሯ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አጠገባቸው ቆምኩ።

ወደ ምሽት ገደማ ፕሬዚዳንቱ ስልካቸውን ከፈቱና በአንድ ጥሪ በሩ ተከፈተ። ውስጡ ይሸታል። በረዶ ጨመርን፣ ውኃ በባልዲ ቀየርን፣ የቀሩትን ለየን። በማግስቱ የቀሩትም አለቁ። የሸክላ ሰሌዳዎቹ ላይ የነበሩት ነጫጭ ነጥቦች ከሁሉ ቀድመው ነበር የጠፉት።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሄር ዛይደል ምን እንደተፈጠረ ለስለስ ባለ ድምፁ አስረዳ። ሲስተሙ በበዓል ቀን ሕንፃው ውስጥ ሰው እንደሌለ ይገነዘባል፤ ኃይል ለመቆጠብ ማቀዝቀዣውን ይቀንሳል፤ በሮቹንም ይዘጋል።

"ስለዚህ ሲስተሙ አልተበላሸም" አለ። "በትክክል ነው የሠራው።"

"ሄር ዛይደል" አልኩት፤ "እንስሶቹ ግን ሞተዋል።"

"እሱን በጣም አዝናለሁ። ግን ብልሽት አይደለም።"

ሰውዬው የሚዋሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አይዋሽም። ያለውም ልክ ነው። ልክ የሆነን ሰው እንዴት ትጠዪዋለሽ? ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ማንም በማይሰማኝ ቋንቋ የልቤን ተናገርኩ።

ፕሮፌሰር ቪንክለር "ነግሬዎት ነበር" አላሉኝም። ትራም ፌርማታው ላይ የተባባልነውን ፈጽሞ አላነሱትም። "ሃይከ ዘንድ ይሂዱ፤ የተወሰኑትን ትሰጥዎታለች" ብቻ አሉኝ።

ሰሜን ሄድኩ። ሃይከ ከባቡር ጣቢያው ተቀበለችኝ። ተቋሟ ውስጥ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ፍሳሽ አለ። እሱን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ስቄ አለፍኩት። ኮራሎቻችን በጨለማው ክፍል በቀይ መብራት እጆቻቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሰሌዳዎቹ ላይ ያሉት ነጥቦች አድገው ሩዝ አክለዋል። በእያንዳንዱ ገንዳ ላይ "ቪንክለር እና ታደሰ፣ ፍራንክፈርት" የሚል ጽሑፍ ለጥፋለች።

"ለምን ስማችንን ጻፍሽ?" አልኳት።

"የማን ናቸው ታዲያ?" አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን የነፈግኳትን ፊት ያን ቀን ሰጠኋት፤ እራትም አብረን በላን።

ለሁለተኛ ጊዜ ልንከፍላቸው ነው ብላ እየቀለደች ቅርንጫፎቹን አብረን ቆረጥን። በቀዝቃዛ ሣጥን አድርጌ በባቡር ተመለስኩ። ባቡሩ መሐል መንገድ፣ የጎመን እርሻ አጠገብ ቆመ። ቆየ። ለምን እንደቆመ የሚናገር የለም። ተቆጣጣሪዋ መጣች።

"ሣጥኑ መተላለፊያ ላይ መቆም አይችልም።"

"ከመቀመጫው ሥር አይገባም።"

"ውስጡ ምንድን ነው?"

ደክሞኛል። ድንጋይ፣ ተክል፣ እንስሳ የሚለውን ከመጀመሪያው መጀመር አልቻልኩም። "ከጥልቅ ባሕር የመጡ ናቸው፤ ከሞቁ ይሞታሉ፤ ያሉን እነዚሁ ብቻ ናቸው" አልኳት።

ሴትዮዋ ሣጥኑን አየች፣ እኔን አየች። ሄደች። ከቡፌው ፉርጎ ሁለት ላስቲክ ሙሉ በረዶ ይዛ ተመለሰችና ሣጥኑን ከብበን ደረደርነው። ከዚያ "አሁንም መተላለፊያ ላይ መቆም አይችልም" አለችኝ። አንድ መቀመጫ አስለቅቃ ሣጥኑን አስቀመጠችው፤ እኔ ቆሜ ሄድኩ።

ፍራንክፈርት ስደርስ ፕሮፌሰሯ የእጅ ጋሪ ይዘው ጣቢያው ውስጥ ቆመዋል። ሣጥኑን አብረን ጫንን። ጋሪውን እየገፉ፣ ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ "አስካለ" አሉኝ። ከዚያ በፊት በመጀመሪያ ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እንባባል።"

በጀርመንኛ እሺ አልኳቸው፤ እንደ ደንባቸውም አንቺ ማለት ጀመርኩ። በአማርኛ ሳስባቸው ግን እስከ ዛሬ አንቱ ናቸው። ይኸው ስጽፍም አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ አለቀ። ፕሬዚዳንቱ አፍረው የራሳችንን ማቀዝቀዣ ማሽን አስገቡልን። ካርዴ በዓልም ቢሆን አረንጓዴ ማብራት ጀመረ። መስታወቱ ከውስጥ በጥቁር ቀለም ተቀባ፤ ለጎብኚ የዓይን ያህል ቀዳዳ ተተወለት። የወለል ፍሳሽ አሁንም የለም። ሁለተኛው ጥናታችን በሁለቱ ተቋማት ስም ወጣ፤ ኮራሎቹ በሁለቱም ቦታ ዘር አውጥተው ነበር። ፕሮፌሰር ቪንክለር ጡረታ ወጡ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔም ተከተልኳቸው። አስተዳደሩ የስንብት ካርዱን የጻፈው ለአቶ ታደሰ ነው።

በቦታዬ የተተካችው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ምን ልወቅ ብላ ጠየቀችኝ። የጨዉን ልክ፣ የማጣሪያውን አጠባ፣ የባልዲውን ቦታ አሳየኋት። ከዚያ ለእናንተም የምለውን ነገርኳት። ነፍስ ያለው ነገር በእጃችሁ ካለ ግማሹን ለሌላ ሰው ስጡ። ስትሰጡም እኩል አድርጋችሁ ክፈሉ፤ ጥሩ ጥሩውን አታስቀሩ።